ከሐዋሳ ተነስቶ በሞተር ሳይክል የአንድ ቀን ጉዞ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሞተሬን ባቆምኩበት ሁሉ ሰዎች የሚጠይቁኝን ጥያቄዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ አሰባስቤ መልሻቸዋለሁ።

ከሐዋሳ ተነስቶ በአንድ ቀን የት የት ደርሶ መመለስ ይቻላል?

ሐዋሳ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ሰሜኑ በሻሸመኔ በኩል ወደ ሻላ፣ አብያታና ላንጋኖ ሐይቆች ይወስዳል። ከሻሸመኔ ወደ ምሥራቅ የታጠፈ የአርሲን ደጋ ይወጣል፣ ወደ ምዕራብ የታጠፈ ወደ አጄና ወደ ሀላባ ቁሊቶ ይወርዳል። ወደ ደቡብ የሄደ ደግሞ አፖስቶ ላይ መንገዱ ይከፈልለታል፤ ይርጋለም፣ አለታ ወንዶ፣ ሁላ፣ ዲላ ሁሉም በዚያ በኩል ናቸው። ወንዶ ገነት ከሁሉም ቅርብ ነው።

ለመምረጥ የሚቸገር ሰው ሲያጋጥመኝ የምሰጠው ምክር አንድ ነው፤ ኪሎ ሜትር አትቁጠሩ፣ ዳገት ምረጡ። በአስፋልት ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ብትነዱ የምታዩት ያው የግራርና የበቆሎ ሜዳ ነው። በዚያው ርቀት ውስጥ ወደ ሲዳማ ደጋ ብትወጡ ግን ከግራር ወደ ቡና፣ ከቡና ወደ እንሰት፣ ከእንሰት ወደ ቀርከሃ ትሻገራላችሁ። በአንድ ማለዳ ሦስት አገር ያየ ሰው የሚሰማው ስሜት እርሱ ነው። መኪና ውስጥ መስኮት ዘግቶ የተቀመጠ ይህን አያገኘውም፤ ሞተር ላይ ያለ ሰው የአየሩን መቀዝቀዝና የአፈሩን ሽታ መለወጥ ሜትር በሜትር ያውቀዋል።

ምን ዓይነት ሞተር ያስፈልጋል?

ትልቅ ሞተር አያስፈልግም። በየመንደሩ የሚታየው ከ125 እስከ 150 ሲሲ ያለው ቦክሰር ወይም መሰሉ ይበቃል። ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅሙ ደግሞ መለዋወጫው በየትንሹ ከተማ መገኘቱና የማይጠግነው መካኒክ አለመኖሩ ነው። ውድና ብርቅ የሆነ ሞተር ሁላ ላይ ሲበላሽ በአይሱዙ ተጭኖ ነው የሚመለሰው።

ዳገት ላይ ኃይል ሲያንሰው አትደንግጡ። ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ገደማ ያጣል። ካርቡራተር ያለው ከሆነ ቤንዚኑ ከአየሩ ስለሚበዛበት ትንሽ ያፍነዋል። ማርሽ ቀንሳችሁ በትዕግሥት ውጡ።

ሞተር መከራየት ይቻላል?

እንደ መኪና የተደራጀ ኪራይ ላይ አትተማመኑ፤ አብዛኛው ሰው የሚያገኘው በሚያውቀው ሰው በኩል ነው። ከተከራያችሁ ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከሞተሩ ጋር መግጠሙን በዓይናችሁ እዩ። ከባለቤቱ ጋር የተፈራረማችሁበት ወረቀትም በኪሳችሁ ይኑር። ኬላ ላይ «የጓደኛዬ ነው» የሚል ቃል ብቻውን አያሳልፍም።

ምን ምን ወረቀት መያዝ አለብኝ?

የሞተር ሳይክል ምድብ ያለው መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ የዘመኑ ቦሎ፣ የሦስተኛ ወገን መድን ማረጋገጫ እና መታወቂያ። ታርጋው በጭቃ ተሸፍኖ ከሆነ ኬላ ከመድረሳችሁ በፊት ጥረጉት። ከሐዋሳ ወደ ሰሜን ስትወጡ የክልል ወሰን ቅርብ ነው፤ ጥቁር ውኃን እንደተሻገራችሁ ኦሮሚያ ትገባላችሁ። ስለዚህ በአንድ ቀን ጉዞ ሁለትና ሦስት ጊዜ ወረቀት ማሳየት የተለመደ ነው። ሞተሩን አጥፍታችሁ፣ ሄልሜት አውልቃችሁ፣ ሰላምታ ሰጥታችሁ ቁሙ። ፊቱ የማይታይ ሰው ማንንም ያሳስባል።

አንዳንድ ከተሞች ሞተር ሳይክል የሚንቀሳቀስበትን ሰዓት በውሳኔ ይገድባሉ። ከመነሳታችሁ በፊት የመድረሻችሁንም የሐዋሳንም ደንብ የዕለቱን ትራፊክ ፖሊስ ጠይቁ።

ከዚህ በፊት ከከተማ ወጥቼ አላውቅም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የትኛው ይሻለኛል?

ወንዶ ገነት። በሻሸመኔ በኩል ከሄዳችሁ መሄጃው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መጀመሪያ ጥቁር ውኃ ላይ ድልድዩን ትሻገራላችሁ። በኦሮምኛ ቢሻን ጉራቻ ይሉታል፤ ትርጉሙ ያው ጥቁር ውኃ ነው። ወንዙ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ የሚገባ ሲሆን ሐይቁ ግን በገጸ ምድር የሚታይ መውጫ የለውም፤ ያም ሆኖ ውኃው ጨዋማ አልሆነም። ለአፍታ ቆማችሁ ወፎቹን እዩ፣ ከዚያ ወደ ሻሸመኔ ቀጥሉ።

ወንዶ ገነት ስትደርሱ ከኮረብታው ሥር የሚፈልቀው ፍል ውኃ፣ የደን ኮሌጁ ዛፎችና በቅርንጫፍ ላይ የሚዘሉት ጉሬዛዎች ይጠብቋችኋል። ከመዋኛው ከፍ ብላችሁ ወደ ምንጮቹ ከወጣችሁ ውኃው ድንች የሚቀቅልበት ቦታ አለ፤ አጠገቡ ስትቆሙ ለእግራችሁ ተጠንቀቁ። አስቸጋሪው ክፍል የሻሸመኔ ከተማ ራሷ ናት። የአዲስ አበባ፣ የባሌ፣ የሐዋሳና የወላይታ መንገዶች የሚገናኙባት በመሆኗ ባጃጅ፣ ጋሪ፣ ሲኖትራክና እግረኛ በአንድ መስመር ይጋፋሉ። ከወንዶ ገነት የሚወጡ የጫት መኪኖችም ገበያ እንዳያመልጣቸው በጣም ይፈጥናሉ። ከኋላችሁ ጥሩምባ ስትሰሙ ዳር ይዛችሁ አሳልፏቸው።

በየትኛው ወር መሄድ ይመረጣል?

መንገዱ ደረቅ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ የሚሆነው ከኅዳር እስከ ጥር ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ቡናው ቀይ ለብሶ ይለቀማል፤ በየማጠቢያ ጣቢያው የመስጫ አልጋ ላይ ተዘርግቶ ይታያል። ክረምቱ ደግሞ ደጋውን ጭቃ ያደርገዋል፤ ቀይ አፈር በዝናብ ሲርስ እንደ ሳሙና ነው፣ ፍሬን የሚባል ነገር አይሠራበትም።

እኔ ግን የምወደው በየካቲትና በመጋቢት መካከል የምትመጣዋን አጭር ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ ጣል እንዳደረገ ከጥቂት ቀናት በኋላ የቡናው ዛፍ ሁሉ በአንድ ጊዜ ነጭ አበባ ያወጣል። አበባው የሚቆየው ጥቂት ቀን ብቻ ነው። ከአፖስቶ ወደ አለታ ወንዶ ስትነዱ የሄልሜቱን መስታወት ገልጣችሁ ያንን ሽታ ስቡት፤ ከጃስሚን ጋር ይመሳሰላል። ቀኑን አስቀድሞ መናገር ስለማይቻል እዚያ አገር የሚኖር ወዳጅ ይኑራችሁና ስልክ ይደውልላችሁ።

የሲዳማ ዘመን መለወጫ የሆነው ፍቼ ጨምበላላ ቀኑ በየዓመቱ ይለያያል፤ ከዋክብትን የሚያነቡ አዋቂ ሽማግሌዎች ናቸው የሚወስኑት። በዓሉ በ2015 በፈረንጆች አቆጣጠር በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። በእነዚያ ቀናት ሕዝቡ ወደ ሐዋሳ ስለሚጎርፍ መንገዱ ይጨናነቃል። ሞተሩን አቁማችሁ በዓሉን ብታዩ ይሻላል።

በስንት ሰዓት ልነሳ? በስንት ሰዓት ልመለስ?

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሱ። ከቀኑ 8 ሰዓት ሲሆን የትም ብትሆኑ ፊታችሁን ወደ ሐዋሳ አዙሩ። ይህን ሰዓት ሳላከብር የቀረሁበት አንድ ቀን አለ። ከሁላ ስወርድ ጉሙ ቀድሞኝ መንገዱ ላይ ተኛ፣ መሸ፣ የፊት መብራቴ ከጉሙ በቀር የሚያሳየኝ ነገር አልነበረም። መብራት የሌለው ጋሪ ከፊቴ ድንገት ብቅ ሲል ያዳነኝ ቀስ እያልኩ መሆኔ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ 8 ሰዓት ለእኔ ድንበር ነው፤ የቀረኝ 10 ኪሎ ሜትር ቢሆንም እመለሳለሁ።

ፀሐይ 12 ሰዓት ገደማ ስትጠልቅ ከብቶች ወደ ቤት ይገባሉ፣ ሰው ከገበያ ይመለሳል፣ ከባድ መኪኖች ይበዛሉ። ይህ ሁሉ በአንድ ሰዓት ውስጥ ነው የሚሆነው።

ስለ ሁላ ብዙ ይወራል። ሀገረ ሰላም ድረስ መሄድ እውነት ዋጋ አለው?

አለው። አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው የት ልሂድ ብሎ ቢጠይቀኝ ወደዚያ ነው የምልከው። መንገዱ ከሐዋሳ በቱላ በኩል ወጥቶ አፖስቶ ይደርሳል፤ ከዚያ በአለታ ወንዶ በኩል ወደ ነገሌ በሚወስደው መስመር ላይ የሁላ ከተማ ሀገረ ሰላም ትገኛለች። ርቀቱ ከ100 ኪሎ ሜትር ያነሰ ነው፤ ከፍታው ግን ከ2,700 ሜትር በላይ ይደርሳል። ከሐዋሳ ጋር ሲነጻጸር 1,000 ሜትር ጨምራችሁ ወጣችሁ ማለት ነው። አየሩ ስድስት ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል፣ ነፋሱ ሲጨመርበት ጣት ይደነዝዛል። ሐዋሳ ላይ በሸሚዝ የተነሳ ሰው እዚያ ሲደርስ ፍሪሲዮን መያዝ ያቅተዋል። ጓንትና ወፈር ያለ ጃኬት ከቦርሳ አይጥፋ።

መጀመሪያ የቡናው አገር ይመጣል፤ ቤቶቹ ከቡናና ከጥላ ዛፎች መካከል ተደብቀው ጣሪያቸው ብቻ ይታያል። ከአለታ ወንዶ በኋላ ቡናው እየሳሳ እንሰቱ ይሞላል። የእንሰት ቅጠል በነፋስ ሲንኮሻኮሽ ሞተሩን አጥፍታችሁ አዳምጡ፤ ከሩቅ ዝናብ የመጣ ይመስላል። ከዚያ በላይ ገብስ፣ የግጦሽ መስክ፣ ፈረስ የሚጋልቡ ሽማግሌዎችና ቀርከሃ ነው። የደጋው ሲዳማ ቤቱን የሚሠራው በቀርከሃ ነው። ልጥ በልጥ ተሸምኖ ከመሬት እስከ ጫፍ የሚወጣውን ያንን ቤት ስታዩ አንድ ትልቅ ቅርጫት የተደፋ ይመስላችኋል። ከደጁ ሰው ካለ ሰላም በሉ፤ በሲዳምኛ «ኬሬ» ማለት ሰላም ነው፤ ይህችን ቃል ይዞ የሄደ እንግዳ የሚቀበለው ፊት ይለያል።

ምግብ አትያዙ። ከእንሰት የሚሠራውንና በቅቤ የራሰውን ቡርሳሜ ወይም ቆጮ በትንሽ ምግብ ቤት ብሉ፣ ከላዩ ቡና ጠጡ። መመለሻው ቁልቁል ስለሆነ ትልቁ ጥንቃቄ እዚያ ነው። በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ። ቤንዚን ለመቆጠብ ብላችሁ በፎሌ አትልቀቁት፤ ፍሬኑ ሲግል መያዝ ያቆማል፣ ያኔ ማርሽ ማስገባት ይረፍዳል።

ሁላ በጣም ሩቅ ሆኖብኛል፤ ደጋ ማየት ግን እፈልጋለሁ። አማራጭ አለ?

ኮፈሌ። ከሻሸመኔ ወደ ባሌ የሚወስደውን አስፋልት ይዛችሁ ስትወጡ ከ2,600 ሜትር በላይ ላይ ታገኟታላችሁ። የአርሲ ደጋ ከሲዳማው ይለያል፤ ሰፊ፣ ክፍት፣ ስንዴና ገብስ እስከ አድማስ የተዘረጋበት ነው። ፈረሶቹ በጌጥ ያሸበረቁ ናቸው። መንገዱ ቀና በመሆኑ ለጀማሪ ከሁላ ይቀላል፤ ከጎን የሚመታው ነፋስ ግን ቀላል ሞተርን ይገፋል።

የቡናውን አገር ብቻ ለማየት እስከ የት ልሂድ?

እስከ ይርጋለምና አካባቢዋ። ከሐዋሳ በፊት የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ይርጋለም ነበረች፤ የቆዩ ቤቶቿና ሰፋፊ ዛፎቿ ያንን ዘመን ያስታውሳሉ። በአቅራቢያዋ የጊዳቦ ፍል ውኃ አለ። ወደ አለታ ጩኮ ስትሄዱ ደግሞ አናናስ በመንገድ ዳር ተቆልሎ ይሸጣል። በሞተር ኋላ የታሰረ አናናስ እየተጨፈላለቀ ልብስ ያበላሻል፤ እዚያው አስልጣችሁ ብሉ።

ወደ ቡና ማሳ ሳትጠይቁ አትግቡ። በለቀማ ጊዜ እንግዳ ሰው ማሳ ውስጥ መታየቱ ባለቤቱን ያሰጋዋል። ከጠየቃችሁ ግን አብዛኛው ገበሬ ራሱ ይዟችሁ ይዞራል። በወንሾ በኩል ያሉት ጥንታዊ ዛፎች ደግሞ ለሲዳማ ሕዝብ የተቀደሱ ናቸው። ሞተሩን ራቅ አድርጋችሁ አቁሙ፣ የአካባቢውን ሽማግሌ አስፈቅዱ፣ ቅርንጫፍ አትስበሩ።

ሰንቀሌ ሄጄ ቆርኬ በሞተር ማየት እችላለሁ?

እስከ መጠለያው በር በሞተር መሄድ ይቻላል። ሰንቀሌ ከሻሸመኔ ወደ ሀላባ በሚወስደው መንገድ፣ በአጄ በኩል የሚገኝ የዱር እንስሳት መጠለያ ነው። የተቋቋመውም የስዌይን ቆርኬ ለተባለው፣ ዛሬ ከኢትዮጵያ ውጪ ለማይገኘው እንስሳ ነው። ውስጥ ግን የሞተር ድምፅ መንጋውን ያስበረግገዋል፤ በር ላይ አቁማችሁ ከጠባቂ ጋር በእግር ግቡ። ሳሩ ውስጥ ቀይ ቡናማ ጀርባቸው በጠዋት ፀሐይ ሲያበራ ማየት ለሄዳችሁበት ድካም በቂ ክፍያ ነው።

ጊዜ ከተረፋችሁ ወደ ሀላባ ቁሊቶ ቀጥሉ። በዚያ አገር የገጠር ቤቶች ግድግዳቸው በውስጥም በውጪም በሥዕል ያጌጠ ነው። የበርበሬ ወቅት ከሆነ ደግሞ በየደጁ የተሰጣው ቀይ በርበሬ ዓይን ይስባል። ነፋስ ካለ ዓይን ያቃጥላልም፤ የሄልሜታችሁ መስታወት ይዘጋ።

ላንጋኖ፣ ሻላና አብያታስ?

ይቻላል፤ ግን ለሞተር የመጀመሪያ ምርጫዬ አይደለም። ከሐዋሳ እስከ ላንጋኖ ድረስ የሚያሽከረክሩት ከባድ መኪና በበዛበት ዋና መንገድ ላይ ነው። ሻላ ግን ሊታይ የሚገባው ነው። ጥልቀቱ ከ260 ሜትር በላይ የሆነ፣ በፈነዳ እሳተ ገሞራ ጎድጓዳ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው። ጎረቤቱ አብያታ ደግሞ ውኃው በጣም ሸሽቷል፤ የቀድሞው ዳርቻ የነበረበትን ነጭ መሬት ስታዩ ታዝናላችሁ። ያንን የነጣ ጭቃ ደርቋል ብላችሁ በሞተር አትርገጡት፤ ላዩ ቅርፊት፣ ሥሩ ረግረግ ነው፣ ሞተር እስከ ማዕከሉ ይውጣል።

ቤንዚን በየቦታው አገኛለሁ?

አትተማመኑ። ከዋዜማው ሐዋሳ ላይ ሙሉ ቅዱ። 150 ሲሲ ሞተር በአንድ ሊትር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚሄድ በሙሉ ታንከር በዚህ ገጽ ላይ ያሉትን ጉዞዎች ሁሉ ደርሳችሁ ትመለሳላችሁ። ማደያ ላይ ክፍያ በስልክ በመሆኑ ስልካችሁ ባትሪ፣ ሂሳባችሁም ገንዘብ ይኑረው። በመንገድ ዳር በጠርሙስ የሚሸጠውን ከመግዛት ተቆጠቡ፤ ውኃ ወይም ኬሮሲን የተቀላቀለበት ካርቡራተር ውስጥ ከገባ ቀናችሁ እዚያው ያልቃል።

ጎማ ቢተነፍስ ወይም ካቴና ቢበጠስ ምን አደርጋለሁ?

ትርፍ ከመነዳሪ፣ ትንሽ ፓምፕ፣ የጎማ ማውለቂያ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የካንዴላ መፍቻና አንድ ካንዴላ፣ የካቴና ማያያዣ፣ ትርፍ የፍሪሲዮን ሽቦ። ይህ ሁሉ ከወንበር ሥር ባይገባ በአንድ ትንሽ ቦርሳ ይታሰራል። ጎሚስታ በአብዛኛው ትንሽ ከተማ አለ። የሚቸግረው በሁለት ከተማ መካከል ሲሆን ነው።

ከጉዞ በፊት የጋራዥ ሥራን በእጃችሁ ፈትሹ። አንድ ጊዜ የኋላ ጎማ ያስቀየርኩበት መካኒክ ብሎኑን ሳያጠብቀው ቀርቶ፣ አፖስቶ ሳልደርስ ጎማው መወላገድ ጀመረ። ቁልፍ ስላልያዝኩ ከመንደር ለምኜ ነው ያጠበቅሁት። የኋላና የፊት ጎማ ብሎን፣ የፍሬን መያዣ፣ የካቴና ልልነትና የዘይት መጠን፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ሰው አፈናጥጬ መሄድ እችላለሁ?

ለወንዶ ገነትና ለይርጋለም፣ አዎ። ለሁላ ግን ልምዱ ከሌላችሁ አይሆንም። የኋላው ሰው ክብደት ቁልቁለት ላይ ወደ ፊት ይገፋችኋል፣ ፍሬን የሚይዝበት ርቀትም ይረዝማል። ሁለተኛ ሄልሜት ከሌለ ሁለተኛ ሰው የለም። የተፈናጠጠው ሰው ስለሚበርደው በየግማሽ ሰዓቱ አውርዱት። ሦስት ሆናችሁ እንዳትሄዱ፤ በገጠር ብዙ ጊዜ ታዩታላችሁ፣ በየጤና ጣቢያው የሚመጡት ጉዳተኞችም ከዚያው ናቸው።

የገበያ ቀን መሆኑን እንዴት ላውቅ እችላለሁ?

ይህ የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። የሲዳማ ባህላዊ ሳምንት ሰባት ቀን ሳይሆን አራት ቀን ነው፤ ዲኮ፣ ዴላ፣ ቃዋዶ እና ቃዋላንካ ይባላሉ። በዚህ አቆጣጠር የሚውል የገጠር ገበያ ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ከነበረ በዚህ ሳምንት ማክሰኞ ላይሆን ይችላል። ቁርስ የምትበሉበት ቦታ «ዛሬ የት ነው ገበያው?» ብላችሁ ጠይቁ። በዚያ ቀን መንገዱ ሙሉ በሙሉ የእግረኛ፣ የአህያና የበግ ስለሚሆን በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መሄድን ተቀበሉ። ወይም ሞተሩን አደራ ሰጥታችሁ ገበያውን ግቡበት፤ እኔ የምመርጠው ይህንን ነው።

የፀጥታው ሁኔታ እንዴት ነው?

የዛሬ መልስ ለነገ አይሠራም፤ ስለዚህ እዚህ ላይ «ይህ መንገድ ሰላም ነው» ብዬ አልጽፍላችሁም። የሚሠራው መንገድ በዋዜማው ማታ በዚያው መስመር የሚነዳ የሚኒባስ ሹፌር መጠየቅ ነው። ሹፌር በየቀኑ ስለሚመላለስ የሚነግራችሁ የሰማውን ሳይሆን ያየውን ነው። ጠዋት መናኸሪያ ስታልፉ መኪኖቹ እንደወትሮው እየጫኑ መሆናቸውን እዩ። ወደዚያ አቅጣጫ የሚጭን ከሌለ እናንተም አትሂዱ። በተለይ ከሁላ አልፎ ወደ ጉጂ የሚወስደውን መንገድ ሳትጠይቁ አትቀጥሉ። የት እንደምትሄዱና በስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ለአንድ ሰው ነግራችሁ ውጡ።

የጌዴኦን ትክል ድንጋዮች በአንድ ቀን አይቼ መመለስ እችላለሁ?

በስሌት ይቻላል። ዲላ ከሐዋሳ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ድንጋዮቹ የቆሙባቸው ቱቱ ፈላና ጨልባ ቱቱቲ ከዚያ አልፈው ወደ ይርጋ ጨፌ አቅጣጫ፣ ከዋናው መንገድ ወጣ ብለው ይገኛሉ። ለጉዳዩ የምጨነቅ ሰው ስለሆንኩ ግን እንዲህ አታድርጉ እላለሁ። የጌዴኦ መልክዓ ምድር በ2023 በፈረንጆች አቆጣጠር በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በድንጋዮቹ ብቻ አይደለም። እንሰት፣ ቡናና የጥላ ዛፍ ተደራርበው የሚበቅሉበት፣ ቁልቁለቱን ሳይሸረሽር ብዙ ሕዝብ የሚመግበው የእርሻ ጥበብ አብሮ የተመዘገበ ነው። ያንን ለማየት ከሞተር መውረድና ከገበሬ ጋር መራመድ ያስፈልጋል፤ በ8 ሰዓት ለመመለስ የሚቸኩል ሰው አይችለውም። ዲላ እደሩ።

በግ ወይም ዶሮ ብገጭ፣ ወይም ሰው ቢጎዳ ምን ማድረግ አለብኝ?

ቁሙ። ሰው ከተጎዳ ሌላው ሁሉ ይቅርና ወደሚቀርበው ጤና ጣቢያ አድርሱት፤ ማንኛውም የጤና ተቋም ለትራፊክ ተጎጂ አስቸኳይ ሕክምና የመስጠት ግዴታ አለበት። ቀጥሎ ለፖሊስ አሳውቁ። የሦስተኛ ወገን መድን የተገባው ለዚህ ነው፤ ሽሽት ግን መድኑንም እውነታችሁንም ያበላሸዋል። ሰው ተሰብስቦ ከተቆጣ ከሞተሩ ወርዳችሁ ሄልሜት አውልቁ፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፣ በዕድሜ ጠና ያለውን ሰው ፈልጋችሁ «አባቴ» ብላችሁ እርሱን አናግሩ።

እንስሳ ከሆነ ነገሩ በሽማግሌ ያልቃል። እኔ ከአለታ ወንዶ በላይ አንዲት በግ ገጭቼ ገድያለሁ። ባለቤቷ አንዲት እናት ነበሩ፤ አላለቀሱም፣ አልተቆጡም፣ በጓ ልትወልድ እንደነበር ብቻ ነገሩኝ። ሁለት ሽማግሌዎች ሳሩ ላይ አስቀምጠውን የእርሷንም የግልገሏንም ዋጋ ቆረጡ። ብዙ መሰለኝ፤ ግን አልተከራከርኩም፣ ምክንያቱም በፍጥነት ስነዳ የነበርኩት እኔ ነኝ። እናንተም እንዲህ ካጋጠማችሁ ገንዘቡን በሁለት ምስክር ፊት ስጡ፣ የሽማግሌውን ስልክ ቁጥር ያዙ። በሚቀጥለው ጊዜ በዚያ ስታልፉም ቆማችሁ ሰላም በሉ።